ከዲዮፋንተስ መቃብር እስከ ካፒቴኑ ዕድሜ

አቶ ከበደ የልጁን ዕድሜ ሦስት እጥፍ አለው፡፡ ከ12 ዓመት በኋላ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል፡፡ አባትና ልጅ ዛሬ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?

ይቺን ጥያቄ ሳይጋፈጥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም፡፡ ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ሰውዬው ያው ነው፡፡ አንዴ አቶ ከበደ፣ አንዴ ወይዘሮ አልማዝ፣ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ደግሞ ጆን ይሆናል፡፡ አንድም ቀን መታወቂያውን አውጥቶ «36 ዓመቴ ነው፣ ልጄም 12» ብሎ ገላግሎን አያውቅም፡፡ ሁልጊዜ በዘወርዋራ ነው፡፡ (የልጁን ዕድሜ ሲጠየቅ «ሲሶዬ ነው» ብሎ የሚመልስ አባት በሰፈራችሁ ካለ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል፡፡)

«ዎርድ ፕሮብሌም» ሲባል ሆዱ የሚረበሽ አንባቢ ካለ ይረጋጋ፤ ዛሬ ፈተና የለም፡፡ ወሬያችን የታሪክ ነው፡፡ የአቶ ከበደ ዘመዶች ከናይል ዳር እስከ ቻይና፣ ከባግዳድ እስከ ኒውዮርክ ተበትነው ይገኛሉ፡፡ ታሪካቸውን ተከትሎ የሄደ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል፡፡ የሰው ልጅ መልሱን ለማግኘት ያን ያህል አልተቸገረም፡፡ የተቸገረው የማያውቀውን ነገር በስሙ ለመጥራት ነው፡፡

በመጀመሪያ ግምት ነበረ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ የሚባል ግብፃዊ ጸሐፊ የሒሳብ ጥያቄዎችን በፓፒረስ ላይ ገለበጠ፡፡ ፓፒረሱን ሄንሪ ራይንድ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1858 ሉክሶር ላይ ገዛውና ዛሬ አብዛኛው ክፍል የሚገኘው ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው፡፡ 24ኛው ጥያቄ እንዲህ የሚል መንፈስ አለው፤ አንድ ክምር ሰባተኛ እጁ ሲጨመርበት 19 ይሆናል፤ ክምሩ ስንት ነው?

አሕሞስ ምን አደረገ? ገመተ፡፡ «7 ነው እንበል» አለ፡፡ 7 ላይ ሰባተኛ እጁ ሲጨመር 8 ይሆናል፡፡ የተፈለገው ግን 19 ነው፡፡ ስለዚህ 8 ስንት ጊዜ ተባዝቶ 19 እንደሚሆን ፈለገና ግምቱን 7ን በዚያው ልክ አሳደገው፡፡ መልሱ 16 ከ5/8 ሆነ፡፡ ትክክል ነው፡፡

ልብ በሉ፤ አሕሞስ የማያውቀውን ቁጥር ይዞ አልሠራም፡፡ ውሸት መሆኑን የሚያውቀውን ቁጥር ይዞ ሠርቶ በኋላ አረመው፡፡ ባለ ምርጫ ፈተና ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲን በየተራ እየተካ የሚሞክር ተማሪ የሩቅ ዘመዱ ነው ማለት ይቻላል፡፡ ልዩነቱ አሕሞስ ምርጫ የሚሰጠው ፈታኝ አልነበረውም፤ ግምቱን የሚያርመውም ራሱ ነበር፡፡

መቃብር ላይ የተጻፈ ጥያቄ

ዘመኑን ወደፊት እናሩጠው፡፡ ከክርስቶስ ልደት በኋላ 250 ገደማ፣ እስክንድርያ፡፡ ዲዮፋንተስ የሚባል ሊቅ «አሪትሜቲካ» የተሰኘ በ13 ክፍል የተዘጋጀ ሥራ ጻፈ፡፡ ስለ ሰውዬው ሕይወት ግን እዚህ ግባ የሚባል መረጃ አልተረፈም፡፡ የተረፈው እንቆቅልሽ ነው፡፡ ጥንታዊ የግሪክ ግጥሞችን በሰበሰበው መድበል 14ኛ ክፍል ውስጥ ከሜትሮዶረስ ስም ጋር የተያያዙ የቁጥር እንቆቅልሾች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ የዲዮፋንተስን መቃብር ያናግራል፡፡

ሐሳቡ ይህ ነው፡፡ ዲዮፋንተስ የዕድሜውን አንድ ስድስተኛ በልጅነት አሳለፈ፡፡ አንድ አሥራ ሁለተኛው ሲጨመር ጺም አበቀለ፡፡ ሌላ አንድ ሰባተኛ ቆይቶ አገባ፡፡ በ5 ዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደ፡፡ ልጁ የአባቱን ዕድሜ ግማሽ ያህል ኖሮ ሞተ፡፡ አባት ኀዘኑን በቁጥር ጥናት እያስታመመ 4 ዓመት ቆይቶ ተከተለው፡፡

እንግዲህ ደምሩት፡፡ ዕድሜው 84 ነው፡፡ ልጅነት 14፣ ጺም እስኪያበቅል 7፣ እስኪያገባ 12፣ ልጅ እስኪወልድ 5፣ የልጁ ዕድሜ 42፣ የኀዘን ዓመታት 4፡፡ ድምሩ ቁልጭ ብሎ 84 ይመጣል፡፡ በ33 አገባ፣ በ38 ወለደ፣ በ80 ልጁን ቀበረ ማለት ነው፡፡ አራት ክፍልፋይና ሁለት ቁጥር የአንድን ሰው ሙሉ ሕይወትና የመረረ ኀዘን ሲሸከሙ እንዲህ ናቸው፡፡ እውነተኛ ታሪኩ ይሁን የገጣሚ ጨዋታ ከእንቆቅልሹ ሌላ ምስክር የለም፡፡

ዲዮፋንተስን ለዚህ ወሬ የሚያስፈልገን ግን በመቃብሩ ብቻ አይደለም፡፡ እሱ ለማይታወቀው ቁጥር አጭር ምልክት ሰጠ፡፡ «አላውቀውም» የሚል ምልክት ጽፎ ከሚታወቁት ቁጥሮች ጋር እኩል አሠራው፡፡ ችግሩ ምልክቱ አንድ ብቻ ነበር፡፡ ሁለት የማይታወቁ ነገሮች ሲመጡበት አንደኛውን በሌላኛው አስልቶ መግለጽ ነበረበት፡፡ አቶ ከበደን «የልጁ ሦስት እጥፍ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ የራሱን ፊደል አይሰጠውም፡፡

ዘንግ፣ ቀለም እና «ነገር»

ብዙ የማይታወቁ ነገሮችን ባንዴ ማስተናገድ የተለመደው ቻይና ነው፡፡ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን መልኩን የያዘው «ዘጠኙ ምዕራፎች» የተባለው የሒሳብ መጽሐፍ 8ኛ ምዕራፉን ለዚህ ሰጥቶታል፡፡ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እህል ነዶ ነው፡፡ ሦስት ነዶ ምርጥ፣ ሁለት ነዶ መካከለኛና አንድ ነዶ ዝቅተኛ እህል በአንድ ላይ 39 መስፈሪያ ይወጣቸዋል፡፡ ሁለት፣ ሦስትና አንድ ሲሆኑ 34፡፡ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ሲሆኑ 26፡፡ እያንዳንዱ ነዶ ስንት ይወጣዋል? (መልስ፦ 9 ከሩብ፣ 4 ከሩብ፣ 2 ከሦስት ሩብ፡፡ የማያምን ይደምር፡፡)

ቻይናዎቹ ቁጥሮቹን በትንንሽ ዘንጎች ሰሌዳ ላይ ይደረድሩና አንዱን አምድ ከሌላው እየቀነሱ የማይታወቁትን አንድ በአንድ ያስወግዳሉ፡፡ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ263 ያብራራው ሊዩ ሁይ ከዜሮ በላይ ላሉት ቀይ፣ ከዜሮ በታች ላሉት ጥቁር ዘንግ እንደሚያገለግል ጽፏል፡፡ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጀርመናዊው ጋውስ ስም የሚጠራው የማስወገድ ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነው፡፡ ጋውስ የተወለደው በ1777 ነው፡፡ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፡፡ በዘንጉ ሰሌዳ ላይ ያልታወቀው ነገር ስም አልነበረውም፤ ቦታ ግን ነበረው፡፡

ህንዶች ደግሞ ቀለም ሰጡት፡፡ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 በጻፈው ሥራ ብዙ ያልታወቁ ነገሮች ያሉባቸው ስሌቶች በቀለም ይጠራሉ፤ በህንድ ሊቃውንት ልማድ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ እየተባለ ይቀጥላል፡፡ ዛሬ እኛ ኤክስና ዋይ በምንልበት ቦታ እነሱ ጥቁርና ሰማያዊ ይሉ ነበር ማለት ነው፡፡

ከዚያ ባግዳድ፡፡ አል-ኽዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ የጻፈው መጽሐፍ «አልጀብራ» የሚለውን ቃል ለዓለም አወረሰ፡፡ መጽሐፉ ውስጥ አንዲት የምልክት ፊደል የለችም፤ ሁሉም በቃላት ነው፡፡ ያልታወቀው «ሸይእ» ማለትም «ነገር» ይባላል፡፡ (አማርኛም እኮ ስሙ የጠፋበትን ሁሉ «እንትን» ይላል፤ አል-ኽዋሪዝሚ ጎንደር ቢወለድ ኖሮ ኤክስ እንትን ይሆን ነበር፡፡) የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል የሚናገረው ስለ ውርስ ክፍፍል ነው፡፡ አባት ሲሞት ሚስት፣ እናት፣ ወንድና ሴት ልጅ ስንት ስንት ይድረሳቸው? አልጀብራ ለቅንጦት የተፈጠረ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፡፡ ስሌቱ ከተሳሳተ ወንድማማቾች ይካሰሳሉ፡፡

ስለ ዕድሜ ካነሳን የእኛም ሊቃውንት የሚያሰሉት ትልቅ ዕድሜ አላቸው፤ የዓለም ዕድሜ፡፡ ባሕረ ሐሳብ በዓላትን ለማውጣት የሚነሣው በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ነው፡፡ ለ2017 ዓ.ም. 7517 ይሆናል፡፡ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው፡፡ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29፡፡ ሁለቱ ሲደመሩ 30፡፡ ሌላ ዓመት ብትሞክሩም ድምሩ 30 ነው፡፡ ምክንያቱም 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸው፡፡ የቆሎ ተማሪው አበቅቴውን ካወቀ መጥቅዑን ሳያባዛ ያገኘዋል፡፡ ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን የሚያስተሳስር አንድ የጸና ግንኙነት፤ እኩልታ (ኢኩዌሽን) ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም፡፡

ከቋንቋ ወደ ቋንቋ

አውሮፓም የራሱ አቶ ከበደ ነበረው፡፡ በ804 ለሞተው ለአልኩዊን በሚሰጠው የእንቆቅልሽ ስብስብ ውስጥ አባት ልጁን እንዲህ በሚል ሐሳብ ይመርቀዋል፤ የኖርከውን ያህል ድገም፣ የሆነውን ሦስት እጥፍ አድርገው፣ ከእኔ ዕድሜ አንድ ዓመት ጨምርበትና 100 ትሞላለህ፡፡ ልጁ 16 ዓመት ከስድስት ወሩ ነው፡፡ ምርቃት ነው ፈተና? ሁለቱም ነው፡፡

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1591 ነው፡፡ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቪዬት ለማይታወቁት አናባቢ፣ ለሚታወቁት ተነባቢ ፊደላትን ሰጠ፡፡ በ1637 ደግሞ ዴካርት የፊደል ገበታውን መጨረሻ ለማይታወቁት፣ መጀመሪያውን ለሚታወቁት መደበ፡፡ ኤክስ፣ ዋይና ዜድ ከእኛ ደብተር ላይ የተቀመጡት በዚያ መንገድ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ የፈለጋችሁትን ያህል ያልታወቀ ነገር በስሙ መጥራት ትችላላችሁ፤ ፊደል እስኪያልቅ፡፡

ኒውተን በ1707 በታተመው የአልጀብራ ትምህርቱ ነገሩን በአንድ ሐሳብ ጠቀለለው፡፡ እንዲህ ያለውን ጥያቄ መፍታት ማለት ከሰው ቋንቋ ወደ አልጀብራ ቋንቋ መተርጎም ነው አለ፡፡ ሁለት አምድ ያለው ሰንጠረዥ አበጅቶም በአንዱ በኩል ቃሉን፣ በሌላው በኩል እኩልታውን ጎን ለጎን አሳየ፡፡ የትርጉም ሥራ ነው እንግዲህ፡፡ መጥፎ ተርጓሚ ደግሞ ጎበዝ ደማሪም ቢሆን አይድንም፡፡

ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካን ያወዛገበችው ጥያቄ ናት፡፡ ጋዜጦች አሟሟቋት፤ «አን ስንት ዓመቷ ነው?» የሚለው አባባልም መልስ ለሌለው ነገር ሁሉ መተረቻ ሆነ፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሜሪ 24 ዓመቷ ነው፡፡ ሜሪ የዛሬዋን የአንን ዕድሜ በነበራት ጊዜ፣ አን የነበራት ዕድሜ የዛሬው የሜሪ ዕድሜ ግማሽ ነበር፡፡ አን ዛሬ ስንት ዓመቷ ነው?

የቸኮለ ሰው «12» ይላል፡፡ እኛ ግን ኒውተንን እንስማና እንተርጉም፡፡ የአንን የዛሬ ዕድሜ ሀ እንበለው፡፡ ከ«ያኔ» እስከ ዛሬ ያለፉትን ዓመታት ለ እንበላቸው፡፡

ያኔ ሜሪ የዛሬዋን አን ታክል ነበር፤ 24 − ለ = ሀ፣ ወይም ሀ + ለ = 24፡፡
ያኔ አን የ24 ግማሽ ነበረች፤ ሀ − ለ = 12፡፡

ሁለቱን ደምሩ፤ ለ ይጠፋል፤ 2ሀ = 36፡፡ አን 18 ዓመቷ ነው፤ ለ ደግሞ 6፡፡ ከስድስት ዓመት በፊት ሜሪ 18፣ አን 12 ነበሩ፡፡ አለቀ፡፡ አገር ምድሩን ያከራከረው ጥያቄ «ያኔ» የምትለዋ ቃል ስም ሲሰጣት በሁለት መስመር ተፈታ፡፡

ሁለት ምስክር

እዚህ ላይ የጥምር እኩልታዎች ሕግ ይመጣል፡፡ ሁለት ያልታወቁ ነገሮች ካሉ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፡፡ ምስክሮቹም የየራሳቸውን ቃል መስጠት አለባቸው፡፡ «አቶ ከበደ ልጁን በ24 ዓመት ይበልጠዋል» አንድ ምስክር ነው፡፡ «ከ10 ዓመት በኋላም በ24 ዓመት ይበልጠዋል» የሚለው ሁለተኛ ምስክር ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያው ምስክር ኮት ቀይሮ መምጣቱ ነው፡፡ ልዩነት አያረጅም፡፡ የሚያረጀው እጥፉ ነው፡፡ አባት በ36 ዓመቱ የልጁ ሦስት እጥፍ፣ በ48 ዓመቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ 24ቷ ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም፡፡ የዕድሜ ጥያቄ ጣዕሙም እዚህ ጋ ነው፡፡

ምስክር በሌለበት የሚፈርድ ዳኛስ? ፍሎቤር፣ ፈረንሳዊው ደራሲ፣ በ1840ዎቹ ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ስለ አንድ መርከብ ጭነትና ጉዞ ዝርዝር ነገር ደርድሮ በመጨረሻ «የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» በሚል ቀልዶ ነበር፡፡ በ1970ዎቹ ማብቂያ ግሬኖብል ውስጥ ተመራማሪዎች ቀልዱን ወደ ክፍል አስገቡት፡፡ «መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» ብለው የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ጠየቁ፡፡ ከ97 ልጆች 76ቱ ቁጥሮቹን አጠማምረው ዕድሜ አወጡ፡፡ 26 ሲደመር 10፣ ካፒቴኑ 36 ዓመቱ ነው! እ.ኤ.አ. በ2018 ይኸው ጥያቄ ቻይና ሲቹዋን ውስጥ ፈተና ላይ መጥቶ ኢንተርኔቱን አምሶት ነበር፡፡

ልጆቹ ሞኞች አይደሉም፡፡ ጥያቄ ከቀረበ መልስ አለው፣ ቁጥር ከተሰጠ ይሠራበታል የሚለውን የክፍሉን ያልተጻፈ ሕግ በደንብ ተምረዋል፡፡ አሕሞስ እንኳ ግምቱን ያርም ነበር፡፡ እነሱ ግን «አይታወቅም» ማለት እንደሚቻል ማንም አልነገራቸውም፡፡

ወደ ቤታችን

ካፒቴኑ እኛም ዘንድ አለ፡፡ ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ገደማ ብቻ ነበሩ፡፡ በማግሥቱ ሁሉም መልስ ነበረው፡፡ አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ኩረጃውን፣ አንዱ ጦርነቱን፣ አንዱ የማስተማሪያ ቋንቋውን፣ አንዱ ተማሪውን ራሱን ወነጀለ፡፡ አምስት ያልታወቀ ነገር፣ አንድ እኩልታ! 3.3 ብቻውን ከአምስቱ የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን ሊናገር አይችልም፡፡ ለዚያ ሌሎች ምስክሮች መጠራት ነበረባቸው፤ ጦርነት ያልነካቸው ቦታዎች፣ መምህር የተሟላላቸው ትምህርት ቤቶች፣ የቀደሙ ዓመታት ውጤቶች፡፡ ያለዚያ የተናገርነው ሁሉ የካፒቴኑን ዕድሜ ነው፡፡

በሌላ በኩል ደግሞ አያቶቻችን አሉ፡፡ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፡፡ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ሰዎች መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ አንድ ጸሐፊ ፊታቸውን አይቶ የገመተው ነው፡፡ ያ ግምት ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ጡረታ በሱ ይቆጠራል፣ ፓስፖርት በሱ ይወጣል፣ ልጃገረድ ለጋብቻ «ደርሳለች፣ አልደረሰችም» በሱ ይባላል፡፡

አያት ግን ሲጠየቁ እንዲህ ይላሉ፤ «እኔ እንጃ ልጄ፣ ታናሽ እህቴን በሦስት ክረምት እበልጣታለሁ፤ እሷ የተወለደችው ጣሊያን አዲስ አበባ የገባ ጊዜ ነው፡፡» ጸሐፊው ይህን እንደ ተረት ሰምቶ «70 እንበልዎት» ይላል፡፡ ልብ ብሎ የሰማ ሰው ግን ሁለት ምስክር ቀርቦለታል፡፡ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ በሦስት ክረምት ወደኋላ ሲኬድ አያት የተወለዱት በ1925 ዓ.ም. ገደማ ነው፡፡ ሁለት ያልታወቁ ነገሮች፣ ሁለት እኩልታዎች፡፡ ያልተማሩት አያት ጥያቄውን በትክክል አቅርበውታል፤ የተማረው ጸሐፊ ነው በጎቹን ከፍየሎቹ የደመረው፡፡

የአያት ቃል «እኔ እንጃ» ብሎ መጀመሩን ልብ በሉልኝ፡፡ ልጆች ሆነን ምሽት ላይ የተጫወትነው ጨዋታም እንዲሁ ነበር የሚጀምረው፡፡ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፡፡ ተጠያቂው መጀመሪያ የሚመልሰው «ምን አውቅልህ» ብሎ ነው፡፡ ማሰቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካቃተው ደግሞ አገር ይሰጣል፡፡ ዲዮፋንተስ በምልክት፣ ቻይና በዘንግ፣ ህንድ በቀለም፣ ቪዬት በፊደል የጻፉት ይህንኑ ቃል ነው፡፡ ኤክስ ማለት «ምን አውቅልህ» ማለት ነው፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡